ለበራሪው ያዋስሁት ስም

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ የሚያየው ለበረዶ ነበር። ጉና ላይ ገብስ ዘርተሽ ሌላ ምን ታያለሽ? ደመናው ጠቆረ፣ ደመናው ነጣ፣ ይኸው ነው። ከሰማይ ሰው ይወድቃል ብሎ ማን ያስባል? ጻፊ፣ እንደነገርሁሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው። ስልኩንም ተይው፣ ሲጠራ ትሰሚው የለም ወይ? ዐሥር ጊዜ ብታገላብጪው አይጠራ። ሕፃኑንም ወደዚህ አቀብዪኝ፣ እኔ ልያዘው፣ አንቺ ጻፊ። እህ።

ታዲያ ደርግ ሊወድቅ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው፣ ኅዳር ነው፣ ጽዮን ማርያም በዋለች በማግስቱ፣ ሰው በዓሉን ሲጠጣ አምሽቶ ተኝቷል፣ እኔ ግን ገብሴ ደርቆብኝ ብቻዬን አጨዳ ወጣሁ። ጉሙ ወርዶ ወርዶ የገዛ ማጭድሽን አያሳይሽም። እና ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ከታች፣ ከደብረ ታቦር በኩል፣ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር፤ ቀጥሎ ከላይ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከጎኔ። "ምን ጉድ ነው በጎኔ የሚበረው?" አልሁ። እና ድው! አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም። ልጄ፣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ያ ዝምታ ነው፣ ድምፁ አይደለም።

እየዳበስሁ ሄድሁ። ሄሊኮፕተር ነው፣ ያኔ ስሙንም አላውቀው፣ ሆዱ ተዘርግፏል፣ ያ የሚሽከረከረው ነገሩ ጅብራ ዛፎቹ መሀል ተሰክቷል። ከአጠገቡ አንድ ሰው ተጋድሟል። ልብ በይ፣ ተጋድሟል እንጂ ወድቋል አላልሁሽም። ሰው ነው ያጋደመው። ጃኬት ከራሱ ስር ገብቶለታል፣ ዐይኑ ተከድኗል፣ እጁ ደረቱ ላይ ነው። ሞቷል። ከሱ ወዲያ ደግሞ የሌላ ሰው ኮቴ አለ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ቁልቁል የወረደ። "አንተዬ! አንተ ወንድሜ!" ብዬ ተጣራሁ። ጉሙ ዋጠው። ያ ሰው የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አሁን የምነግርሽን እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሆዴ ይዤዋለሁ፤ የተናገርሁት አምና ነው። ያ ሰው ጫማ ነበረው። ጥቁር፣ እስከ ባቱ የሚደርስ ጫማ። የኔን እግር ደግሞ ያኔ ብታዪው፣ ውርጩ ሰንጥቆት ሰንጥቆት ጠጠር ይገባበታል። ቆሜ ጫማውን አየሁት። "እሱ ከእንግዲህ አይሄድበት" አልሁ። አልሁ እንግዲህ! እና ተንበርክኬ ፈታሁት። ከሞተ ሰው እግር ጫማ ማውለቅ፣ ልጄ፣ የዚህን እንቅልፍ የጣለውን ልጅሽን ጫማ እንደማውለቅ ነው፤ አይረዳሽም፣ አይከለክልሽም። ወስጄ ነዶ ውስጥ ሸሸግሁት። ኡኡ ብዬ ሰው የጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰዉ ደረሰ። "ባዶ እግሩን ነው እንዴ?"

"እንዲህ ነው ያገኘሁት" አልሁ።

"ይኸ ኮቴው የሚታየው ጓደኛው ወስዶበት ይሆናል" አለ አንዱ።

"ይሆናል" አልሁ። ይኸውልሽ፣ ዐይኑን በከደነለት ሰው ላይ ሌብነት ለጠፍሁበት።

ታዲያ ቄስ ተሻለ መጡ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በቀብር ላይ እንኳ ሰው የሚያስቁ ቄስ ነበሩ። ያን ቀን ግን አላሳቁም። "ክርስቲያን ነው?" አሉ። አንገቱን አየን። በአንገቱ ጥቁር ክር ታስሯል። "ማተብ አለው፣ አባ!" አልን በአንድ አፍ። ማተብ ካለው ሌላ ምን ቀረ? የኛው ነው። በቃሬዛ አድርገን ወደ ደብራችን ወሰድነው። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ቄስ ተሻለ ፍትሐት ሊጀምሩ አሉና ቀጥ ብለው ቆሙ።

"የክርስትና ስሙ ማነው?"

ማን ያውቃል?

"ያለ ስም እንዴት ብዬ ልፍታው? 'ያን ከሰማይ የወደቀውን ሰው' ልበል? በሰማይ ስንት የወደቀ አለ፣ የትኛውን ነው ቢሉኝስ?"

"ገብረ ክርስቶስ ይበሉት፣ አባ። ሁላችንም ገብረ ክርስቶስ አይደለን?" አለ አንዱ።

"ስም እንደ ጎመን ከጓሮ ይቀጠፋል እንዴ! የተጠመቁበት ነው ስም፣ ውሃ የነካው!" ብለው ጮኹበት።

እኔ ከኋላ ቆሜ እግሩን አያለሁ። ጨርቁ አጥሮ እግሩ ወጥቷል፣ ነጭ ሆኗል፣ የጫማው ገመድ ያረፈበት ቦታ ሰንበሩ ይታያል። ሰው ሁሉ ያየው መሰለኝ። እና ከአፌ አመለጠኝ። "የኔን ስጡት" አልሁ። "የኔ ስም ውሃ ነክቶታል። ወልደ ሰንበት ነው። የራሱ እስኪገኝ በኔ ይጠራ።"

"እንዴ! ፈንቴ አብዷል!" አለ ሰዉ። ቄስ ተሻለ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ፈንቴ፣ የምትለውን ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ፣ አባ።"

አላውቀውም ነበር። ለውጥ መስሎኝ ነው። ጫማውን ወሰድሁ፣ ስሜን ሰጠሁ፣ እኩል ሆንን አልሁ በልቤ። ሞኝ!

ከዚያማ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ትተወኝ መሰለሽ? አታውቂያትም አንቺ፣ ጎረቤቴ ሆነሽ ሳትመጪ ነው የሞተች። ወገቧን ይዛ፦ "አንተ ሰውዬ! በቁምህ ከሙታን ጋር ትጠራለህ? እኔ አሁን ምንድን ነኝ? ባለ ባል ነኝ ወይስ መበለት? ለመሆኑ ራት የማቀርበው ለማን ነው?" እኔም "ለሟቹ አቅርቢ፣ እርቦታል" እላታለሁ። ሳቅን እንጂ ያኔ። በኋላ ግን ሳቁ አለቀ። በየዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ ቄስ ተሻለ "አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት" ሲሉ እሷ በነጠላዋ ጆሮዋን ትደፍናለች። እኔ ጫማውን ከደጀ ሰላሙ አውልቄ፣ ገብቼ፣ ስለ ገዛ ነፍሴ አሜን እላለሁ። ስወጣ ጫማው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እንደ ሰው ነው የሚጠብቀኝ፣ ማርያምን።

"ከየት አመጣኸው?" ሲሉኝ፣ "ከደብረ ታቦር፣ ከቅዳሜ ገበያ፣ ከተበተነ ወታደር" አልሁ። ውሸት አንዴ ከጀመርሽው ራሱ ይፈለፈላል። ሶሉ ሲያልቅ የመኪና ጎማ አስመታሁበት። ስንት ክረምት አረስሁበት! መጨረሻ ላይ ሲቀደድ መጣል አቃተኝና ባዶ ጎታ ውስጥ ከተትሁት።

ልጆቹ አደጉ፣ ሄዱ። አንዱ ባሕር ዳር ነው፣ አንዷ ዐረብ አገር፣ ታውቂያቸዋለሽ። ጥሩወርቅ ሞተች። ስትሞት ምን አለችኝ? "ስምህን አስመልስ" አለችኝ። "አንተ ስትሞት ይኸ ስም ድሮ ተፈትቷል ብለው ይመልሱሃል። እኔ እዚያ ብቻዬን ልቆምልህ ነው?" እንዲህ ብላኝ ሄደች። ብቻዬን ስቀር፣ ልጄ፣ አንዳንድ ቀን አንድም ሰው ስሜን ሳይጠራኝ ይመሻል። ቁጭ ብዬ "ምናልባት እውነትም ሞቻለሁ" እላለሁ። ከዚያ በጓ ስትጮህ፣ "የሞተ ሰው በግ አያበላ" ብዬ እነሣለሁ።

ታዲያ አምና በጥቅምት ያ መምህር መጣ፣ የዩኒቨርሲቲው፣ ያ ረዥሙ፣ አገሩ ሌላ ነው፣ ጉና ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው። "አባባ፣ በጦርነቱ ጊዜ የጠፉ የአየር ኃይል ሰዎችን ነው የማጠናው" አለኝ። "የአገልግሎት መዝገባቸው ላይ 'የደረሱበት አልታወቀም' ተብሎ ተዘግቷል። በዚያች ሄሊኮፕተር ሁለት ሰው ነበረ፣ አብራሪውና ቴክኒሻኑ። ሁለት ስም አለኝ፣ አንድ መቃብር አለኝ። ሁለት ቤተሰብ ደግሞ ይጠብቃል።" ሁለት ፎቶ አወጣ። ኧረ ምኑን ልለየው! ሁለቱም ወጣት፣ ሁለቱም ኮፍያ፣ ሪዛቸው እንኳ ከአንድ ሱቅ የተገዛ ይመስላል። እኔ ያየሁት ፊት ደግሞ ደም ሸፍኖት ነበር።

"ምልክት ነገር አያስታውሱም? በእጁ፣ በአንገቱ፣ በእግሩ?"

"በአንገቱ ማተብ ነበረው።" ይኸን ጊዜ ደስ አለው፣ ጻፈ።

"በእግሩስ? ጫማ ላይ ቁጥር ይጽፉ ነበር።"

ጎታው ከኋላዬ ነው ያለው። ጀርባዬን አስደግፌዋለሁ። "ባዶ እግሩን ነበር" አልሁ። እሱንም ጻፈ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ አንዲት ሴት ይዞ መጣ። ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፣ የቴክኒሻኑ ሚስት፣ ከደብረ ዘይት ድረስ። ማተብ ካለው ቴክኒሻኑ ነው ተብሎ ተነግሯታል። አሮጊት ናት፣ በጥቁር ልብስ፣ በቅሎ ብናቀርብላት "በእግሬ ነው የምደርስበት" ብላ እምቢ አለች። መቃብሩ ጋ ስትደርስ አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ አወራችው። "አንተ! እዚህ ነህ? እኔ እኮ በር በተንኳኳ ቁጥር ማንንም አላስከፍትም፣ ራሴ ነኝ የምከፍተው። ልጆችህ 'እማዬ ጉልበትሽ ነው፣ ተይው' ይሉኛል። ከእንግዲህ እነሱ ይክፈቱ፣ በቃ።" አለችው። አፈር ዘግና በመሐረብ ቋጠረች። አሁን ላሉት ቄስ የክርስትና ስሙን ነገረቻቸው፣ ተክለ ማርያም። ቄሱም "አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ተክለ ማርያም" አሉ።

ልጄ፣ ወልደ ሰንበት ሳይባል የቀረ ጊዜ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ዱብ ሲል ተሰማኝ። ስሜ ተመለሰ! ለጥሩወርቅ ልነግራት ዞር አልሁ፣ የለችም። እና ወይዘሮ አስካለ መጥታ ጉልበቴን ያዘች። "እርስዎ ነዎት ስምዎን ለባሌ ያዋሱት!" ብላ ልትስመኝ። ይኸን ነው ያልቻልሁት። ለመሳም ያጎነበሰችው እኮ ያን ጫማ ባጠለቀው እግሬ ላይ ነው!

ቤቴ ገብቼ ጎታውን ከፈትሁ። የጫማውን ምላስ ገልብጬ ሳይ በጋለ ሽቦ የተጻፈ ነገር አለ። ድሮም አውቀዋለሁ፣ የፋብሪካ ነው ብዬ ነው የማልፈው። ያን ዕለት ነው አንቺን የጠራሁሽ፣ ታስታውሻለሽ? "ይኸ ምን ይላል?" አልሁሽ። ልጅሽን እንዳዘልሽ ወደ በሩ ብርሃን ወስደሽ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብሽልኝ፣ በወረቀትም ጻፍሽልኝ። "የምንድን ነው፣ አያ?" ስትዪኝ "የጫማ ልክ ነው" አልሁሽ። አንቺም "እንዴ፣ የዝሆን ነው እንዴ!" ብለሽ ሳቅሽ። ለአንቺም ዋሸሁ። ይኸው ዛሬ እየከፈልሁሽ ነው።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተማከርሁ። "ዝም በል፣ ፈንቴ" አልሁ። "ሴትየዋ በሯን ዘግታ ትተኛ። አንተም ስምህን ይዘህ ሙት። ማን ተጎዳ?" ልክ ነው፣ ማን ተጎዳ? ግን አንድ ሌላ ቤት አለ። መምህሩ ሁለት ቤተሰብ ይጠብቃል ብሎኛል። በአራተኛው ቀን ጫማውን በማዳበሪያ ጆንያ አድርጌ ወደ ደብረ ታቦር ወረድሁ።

መምህሩን ቢሮው አገኘሁት። "አባባ! ድንች ይዘውልኝ መጡ?" አለ፣ እየሳቀ። ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥሁት። ሳቁ ቆመ። ይሰድበኛል ስል፣ ፋይሉን አወጣ፣ አንቺ የጻፍሽውን ወረቀት አጠገቡ አኖረ። በጣቱ እየተከተለ የመጀመሪያውን ቁጥር አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን አየ። ጣቱ እዚያው ቀረ።

"አብራሪው ነው" አለ። "ሰይድ ይባላል። የወሎ ልጅ ነው።" እና አነበበልኝ። የተወለደበት፣ የገባበት፣ ስንት ሰዓት እንደበረረ፣ የደሙ ዓይነት፣ የጫማው ልክ ሳይቀር! ሰው በወረቀት እንዲህ ይጻፋል? ከዚያ "ሃይማኖት፣ እስላም" አለ።

"ቆይ!" አልሁት። "ማተብ ነበረው እኮ!"

"ክሩ ምን ዓይነት ነበር?"

"ጥቁር ነው፣ ጠንካራ፣ ድርብ ሆኖ የተቋጠረ። ጫፉ ተቆርጧል።"

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ። "አባባ፣ ያ የመታወቂያ ቆርቆሮው ማንጠልጠያ ነው። ስሙና ቁጥሩ ያለበት ቆርቆሮ። ጓደኛው ቆርጦ ወስዶታል፣ ለወገን ሊያደርስለት።"

ሰማሽ? ጫማውን ሰረቀው ያልሁት ሰው ስሙን ሊያደርስለት ነበር የሄደው። በሰባራ እግሩ። እኔ ጫማውን፣ እሱ ስሙን።

"ለወይዘሮ አስካለ እኔ እደውላለሁ" አለ መምህሩ።

"የለም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልሁ። ደውሎ ሰጠኝ። ሁሉንም ነገርኋት፣ አንዱንም አላስቀረሁ። ስጨርስ ያው የጉሙን ዝምታ ነው የሰማሁት። "እዚያ አሉ?" አልሁ። "ጋሼ፣" አለችኝ፣ "አፈሩን ታዲያ ምን ላድርገው?"

መልሺው ልበላት? ያዢው ልበላት? ስልኩ እጄ ላይ እንዳለ ተዘጋ። ከሳምንት በኋላ ለቄሱ ላከችባቸው፦ "ተክለ ማርያም እዚያው ይጠራልኝ። መቃብሩ ባይሆንም፣ የሄደበት መንገድ ከዚያ ነው የጀመረው" ብላ። አሁንም በሩን የምትከፍተው እሷ ናት አሉ። አፈሩን አልመለሰችም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

የሰይድ ወንድም ደግሞ በጥር መጣ፣ ሽበታም ሰው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ። እኔ ደጄ ላይ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ጠበቅሁት፣ እንደ ይቅርታ ወጉ፤ ጫማውን ፊቴ አስቀመጥሁ። አገር ቆሞ ያያል። "ወንድምህን ባዶ እግሩን የቀበርሁት እኔ ነኝ" አልሁት። "በክርስቲያን ስምም ሳስጠራው ኖሬያለሁ። በሁለቱም ማረኝ።"

ጫማውን አነሣ፣ ገለባበጠ። የመታሁትን ጎማ በጣቱ ዳሰሰ። "እግርዎን አሞቀዎት?" አለኝ።

"አሞቀኝ" አልሁ፣ ውሸት በቅቶኛል።

"እንግዲያ የሰይድ ሰደቃ ነው" አለ፣ ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረደው። "ስሙም ቢሆን፣ የሌላ ሰው ስም ከባዶ ይሻላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ሰው ለወንድሜ በስም ጸልዮለታል። እኛ ቤት 'የት ይሆን' ነበር የሚባለው።" አጥንቱ ይነሣልኝ ይል ይሆን ብለን ስንፈራ፣ "የተኛ ሰው አልቀሰቅስም" አለ። ከሽማግሌዎቹ ጋር መቃብሩ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ከዛፉ ስር ቆመው ጠበቋቸው። ጫማውን ይዞት ሄደ።

ይኸው ነው፣ ልጄ። ስሜ ተመልሶልኛል። ግን ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ በሙታን መሀል በየዓመቱ የሚጠራኝ ነበረኝ፣ አሁን እዚያም የለሁ፣ እዚህም ከአንቺ በቀር "አያ" የሚለኝ የለ። ስለዚህ ከታች ጻፊልኝ፣ ጉልህ አድርገሽ፦ ፈንቴ፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት፣ የራሱ፣ ለማንም ያልተዋሰ። ጻፍሽው? ወረቀቱን አስቀምጪው። ቀኔ ሲደርስ ለቄሱ የምታሳዪ አንቺ ነሽ። ልጆቼ አያውቁትም፣ ጠይቀውኝም አያውቁ። ደግሞ ቆይ፣ ይኸ መተማ ለሰሊጥ የወረደው ባልሽ፣ ሰሊጡ ከታጨደ ወር አለፈው፣ ስልክም አልደወለ፤ የሱን የክርስትና ስም ታውቂዋለሽ?

እስከዚህ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ እንደተናገሩት ጻፍሁት። እኔም፣ "አላውቀውም፣ አያ። ጠይቄውም አላውቅ" አልኋቸው። ልጁን ከጭናቸው ተቀበልሁና አዘልሁት።

"በይ እንግዲያ ሲደውል ከሁሉ አስቀድመሽ እሱን ጠይቂው" አሉኝ።

"የለም፣ አያ፣" አልኋቸው፣ "አስቀድሜስ 'የት ነህ' ነው የምለው።"